መታወቂያዬን አስይዤ የተከራየሁት መጽሐፍ

ደሴ ፒያሳ፣ ሸራ የተወጠረባት አንዲት የመጽሐፍ ኪራይ አለች። ታፔላ የላትም። ኪራዩ በቀን 10 ብር ነው። መያዣ 300 ብር፣ ካልሆነ መታወቂያ። እኔ መታወቂያዬን ሰጠሁ። ፎቶው እንደሆነ ቢጠፋም አይቆጨኝም።

ልብ ወለድ በሽ ነው። የማትሪክ መለማመጃም አይጠፋም። እኔን የያዘኝ ግን ከአሮጌ የኬሚስትሪ መማሪያ ሥር የተኛ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሬቸል ካርሰን የሕይወት ታሪክ። አከራዩ ልጅ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና፣ «ጋሼ፣ ይቺን እስካሁን የነካት ሰው የለም» አለኝ።

ሬቸል ለአሜሪካ መንግሥት የዓሣ ቢሮ የሬዲዮ ጽሑፍ በማዘጋጀት ነው የጀመረችው። ስለ ዓሣ፣ በሬዲዮ! ጎን ለጎን ለባልቲሞር ጋዜጣ ትጽፋለች። አባቷ ሞተዋል፣ እህቷም ሁለት ሴት ልጆች ጥላ ሞታለች፤ ቤቱ በእሷ ጫንቃ ላይ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1941 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ጦርነት ልትገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ወጣ፤ ማን ይግዛው? በ1951 ስለ ባሕር የጻፈችው ሁለተኛው ግን ገበያውን አናወጠው፤ በዓመቱ ሥራዋን ለቀቀች። በ1962 ደግሞ ስለ ዲዲቲና ስለ ሌሎች ፀረ ተባዮች ጻፈች። የኬሚካል ኩባንያዎች ዘመቱባት። እሷ ያኔ የጡት ካንሰር ይዟት ነበር፤ ለሕዝብ ግን ትንፍሽ አላለችም። በ1964፣ በ56 ዓመቷ አረፈች። አሜሪካ ዲዲቲን ከእርሻ ያገደችው ከ8 ዓመት በኋላ ነው።

ዲዲቲ እኛ ቤት እንግዳ አይደለም። አባቴ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበር። ቃሉ ወረዳ፣ ቆላው ውስጥ ፓምፑን አዝሎ ያልገባበት ጎጆ የለም። ግድግዳው ላይ ነጭ ነገር ይቀራል። እናቶች ይመርቁታል፤ ትኋኑም አብሮ ያልቅ ነበራ! ማታ ሲመጣ ጋቢው ሳይቀር ይሸታል።

ስለዚህ በየማታው እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ልክ ነገሩ ሲጦፍ፣ ከገጽ 201 እስከ 216 የለም። ቆሎ ተጠቅልሎበት ይሆናል። በማግስቱ ልጁን ስወቅሰው፣ «ወላሂ ጋሼ፣ እኔም ስገዛው አልቆጠርኩትም» አለ። የሁለት ቀን ኪራይ ማረኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ከማከራየቱ በፊት ገልጦ ማየት ነበረበት። ብዙዎቹ መጻሕፍቱ ጀርባቸው በፕላስተር የተጠገነ ነው፤ ስትመርጡ ቁጠሩ።

አባባ ሁሉንም ዝም ብሎ ሰማ።

«በአውሮፕላን ነው እርሻ ላይ የሚያፈሱት?»

«አዎ። እሷም ጨርሶ አይነካ አላለችም፤ እንዲህ በጅምላ መርጨቱን ነው የተቃወመችው።»

«እኛ ግድግዳ ነው የረጨነው። ወባዋም ሸሽታልን ነበር።» ትንሽ ቆየና፣ «ጓንት ግን አናውቅም» አለ። መዳፉን ገልብጦ አየው።

ዓርብ የምትሄዱ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ይሁን፤ በሶላት ሰዓት ቆልፎ ይወጣል። መታወቂያዬ አሁንም እዚያው ነው። አባባ የሬዲዮውን ክፍል ድገምልኝ ብሏል።