ኦክሞንት ወይስ ሴንት አንድሩስ?

ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለን ከጓደኛዬ ጋር የተጨቃጨቅነው በጎልፍ ነው። ድሬ ላይ ጎልፍ? አዎ። በዚህ ሙቀት ሌላ ምን ይሠራል!

እሱ የዩኤስ ኦፕን፣ የአሜሪካው ትልቅ የጎልፍ ውድድር፣ ደጋፊ ነው። የዚያ ውድድር አዘጋጆች ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሜዳው ይክበድ። በፈረንጆቹ 2025 ኦክሞንት በተባለው የአሜሪካ ሜዳ ላይ የዳር ሣሩን ወደ 13 ሴንቲ ሜትር አሳደጉት፣ ኳሷ እዚያ ከገባች መጀመሪያ ፍለጋ ነው፣ ከተገኘች ደግሞ ወደ መስመር መመለስ እንጂ ወደ ጉድጓዱ መምታት የሚታሰብ አይደለም። ግሪኑም፣ ማለትም በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አጭር ሣር፣ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ጄ ጄ ስፓውን ከፓር፣ ማለትም ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት፣ በ1 ብቻ ዝቅ ብሎ አሸነፈ፤ ከፓር በታች የጨረሰ ሌላ ሰው አልነበረም።

እኔ ግን ስኮትላንድ ይሻለኛል። ሴንት አንድሩስ ሰፊ ነው፣ በፈለግከው በኩል ምታ ይልሃል። ወጥመዱ 112ቱ የአሸዋ ጉድጓዶች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከመምቻው ቦታ ጭራሽ አይታዩም። የደቻቱን አሸዋ የረገጠ ሰው ይገባዋል፤ እግር እንኳ ይይዛል። ኳሷ ከምትገባባቸው ጉድጓዶች 14ቱ ደግሞ 7 ግሪን ለሁለት ለሁለት ይጋራሉ።

ጓደኛዬ ይስቃል፦ «ነፋሱ ሲለግም ሜዳህ ይዘረፋል!» እውነቱን ነው። በ2022 ዘ ኦፕን የተባለው ውድድር እዚያ ሲካሄድ ካሜሮን ስሚዝ ከፓር 20 ዝቅ ብሎ ዋንጫውን ወሰደ። ይውሰድ! ሰው ሣር ውስጥ ኳስ ሲፈልግ ከማይ፣ ሲያስብ ባየው እመርጣለሁ።