አሥራ ስድስት ዓመት የዘገየ ምስጋና ለጅማው ብየዳ ባለሙያ

ዓርብ ጥር 7 ቀን 2002 ዓ.ም. ጠዋት፣ የፀሐይ ግርዶሽ በሆነበት ዕለት፣ ሠላሳ ስምንት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ከትምህርት ገበታቸው አስነሥቼ ምሥራቁ ገላጣ ወደሆነ ሜዳ ወስጃቸው ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱም ዓይኑን ሳይጎዳ ወደ ቤቱ የተመለሰው በአንድ የጅማ ብየዳ ባለሙያ ምክንያት ነው። ይህን እስከ ዛሬ በአደባባይ ሳልናገር በመቆየቴ አፍራለሁ።

ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ደጅ ጠንቻለሁ፤ ልጆች በግርዶሽ ቀን በር ተዘግቶባቸው ነው መዋል ያለባቸው የሚለኝ ሰው አልጠፋም። ከአራት ወላጆች በስተቀር ሁሉም ፈረሙልኝ። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን የመመልከቻ ፍለጋው ነው። ልጆቹ ሁለት ሁለት ብር አዋጥተው በእጄ ሰጥተውኛል። አንዱ ነጋዴ ተራ ጥቁር መነጽር አውጥቶ ለግርዶሽ የተሠራ ነው ሲለኝ ትቼው ሄድኩ። ሌላው ዘንድ ያገለገለ የራጅ ፊልም ገዛሁ፤ ለልጆች ዓይን ያስተማምናል ወይ ብዬ ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ድሮም የሚታየው በዚሁ ነው» አለኝ። በኋላ ልመልስለት ብሄድ ገንዘቡን ከለከለኝ። የልጆች ገንዘብ መሆኑን እያወቀ ነው ይህን ያደረገው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የራጅ ፊልሙን እንደያዝኩ፣ የብየዳ መነጽር የሚያውሰኝ ባገኝ ብዬ በሂርማታ በኩል ወደሚገኝ አንድ ብየዳ ቤት ገባሁ። ባለሙያው ፊልሙን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አቅጣጫ ከያዘው በኋላ፣ «መምህር፣ ይህ ብርሃኑን ያደበዝዘዋል እንጂ የሚያቃጥለውን አያስቀርም፤ ለልጆቹ እንዳትሰጣቸው» አለኝ። የራሱን መነጽር እንዲያከራየኝ ስለምነው ደግሞ፣ ለፀሐይ የሚሆነው የጥቁረቱ መጠን 14 ቁጥር የሆነው እንደሆነ፣ የእሱ ግን ከዚያ የሳሳ መሆኑን ነገረኝ። አከራይቶኝ ገንዘቤን መቀበል ይችል ነበር። ሥራውን ሲለምድ የብየዳ ብርሃን ዓይኑን መትቶት፣ ሌሊቱን ሙሉ አሸዋ የተበተነበት ያህል ሲያቃጥለው እንዳደረ ካወራኝ በኋላ፣ የፀሐይ ጉዳት ግን በጊዜው ሕመም ስለሌለው ልጅ ሳያውቀው ሊጎዳ እንደሚችል አስጠነቀቀኝ።

ከዚያም ከቁርጥራጭ ላሜራዎቹ መካከል አሥራ ዘጠኝ መርጦ፣ ለሁለት ልጅ አንድ እንዲደርስ፣ እያንዳንዱን በቀጭን ሚስማር ይበሳው ጀመር። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው አንዱ ላሜራውን፣ ሌላው ነጭ ወረቀት ይይዛል፤ ፀሐይዋን የሚያዩት ወረቀቱ ላይ ነው። ትንሿ ቀዳዳ የፀሐይዋን ቅርጽ እንዴት እንደምታወርድ አስረድቶኝ ነበር፤ የቋንቋ መምህር ነኝና በቅጡ አልገባኝም። የማልረሳው ግን ቀጥሎ የሆነውን ነው። መብራት ጠፋ፤ እኔም ሥራው ስላለቀ ልሄድ ተነሣሁ። እሱ ግን ሻማ አብርቶ፣ ሞረዱን አንሥቶ የአሥራ ዘጠኙንም ላሜራ ጠርዝ፣ አራቱንም ጎን፣ ማዕዘኖቹን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ሞረደ። በጣቱ ይዳስሰዋል፤ ከሻከረው እንደገና ይሞርዳል። እንዲህ መድከም ለምን አስፈለገ ስለው፣ «የሚይዘው የልጅ እጅ ነው» አለኝ። ዋጋውን ስጠይቀው አንድ ሳንቲም አልተቀበለኝም።

በማግሥቱ ሱቁን ዘግቶ ከእኛ ጋር ዋለ። ግርዶሹ ሲገባ ጥግ ይዞ ሶላቱን ሰገደና ተመልሶ በልጆቹ መካከል ቆመ፤ ወደ ፀሐይ ለመዞር የሚቃጣውን ልጅ ሁሉ ትከሻውን ይዞ ቀስ አድርጎ ይመልሰው ነበር። ከሥላሴ ንግሥ የሚመለሱ እናቶችም ቆመው በልጆቻቸው ወረቀት ላይ አዩ። ጨረቃዋ ርቃ ስለነበር ፀሐይዋን ሙሉ በሙሉ አትሸፍንም፤ በኬንያና በኡጋንዳ እንደ ቀለበት ስትታይ ለእኛ ግን አንድ ጎኗ የተገመጠ ሆና ታየች። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አንዲት ተማሪዬ ጮኻ ጠራችን፤ በዋንዛው ቅጠል መካከል የሚያልፈው ብርሃን በጓደኞቿ ሹራብ ላይ ብዙ ትናንሽ ማጭዶች ሆኖ አርፎ ነበር።

ይህ ሰው ዛሬም በጅማ በርና መስኮት ይሠራል። የግቢዬን በር የሠራልኝ እሱ ነው፤ ባለው ቀን አስረከበኝ፣ ከተስማማንበት ዋጋም አልጨመረም። ቀብድ ተቀብሎ በሚጠፋ ባለሙያ የተማረራችሁ የከተማችን ሰዎች፣ እባካችሁ ወደ እሱ ሂዱ። ልጆች ያሏችሁ ደግሞ በተለይ ሂዱ፤ ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ ግርዶሽ አለ። ሙሉው የሚታየው በሰሜን አፍሪካ በኩል ሲሆን በአገራችን በከፊል ይታያል። ወቅቱ ክረምት ነውና ደመናው ከፈቀደልን ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሚሆን ግን የማንንም ፈቃድ መለመን አያስፈልግም። ስሙ እንዲጻፍ ስላልወደደ ብየዳ ቤቱን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እጠቁማለሁ። ላሜራውን ሲሰጣችሁ ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት።