ዘጌ በጀልባ፦ የስድስት ቦታው ጉዞ ያዋጣል?

ባሕር ዳር ወደብ ላይ ከሚሸጡት ጉዞዎች በብዛት የሚቀርበው የዘጌው፣ ማለትም ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው የገዳማት ባሕረ ገብ ምድር የሚወስደው ነው። በአንድ ግማሽ ቀን ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ ሲመለሱ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ፣ በመጨረሻ ጉማሬ ፍለጋ የዓባይ መውጫ። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ርካሽ ይመስላል፤ ግን አያዋጣም። ዘጌ ለመድረስ ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ ከጀልባው ወርደው ደግሞ በቡናው ጫካ ውስጥ ድንጋያማ ዳገት ይጠብቅዎታል። የተረፈውን ለስድስት ቦታ ሲያካፍሉት ጫማ ለማውለቅና ለማጥለቅ ብቻ ይበቃል። ኡራንና አዝዋን ብቻ ይያዙ፤ ጉማሬውን ይተዉት፤ ረፋድ ላይ ውኃው ውስጥ ስለሚገባ ጆሮውን ብቻ ነው የሚያዩት።

ሴቶች ካሉበት ክብራን ገብርኤል አስቀድሞ ከዝርዝሩ ይውጣ፤ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚነገረው ደሴቱ ላይ ከተደረሰ በኋላ ሲሆን እናቶች ጀልባ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እንጦስ ኢየሱስ ለሁሉም ክፍት ነው።

ዋጋ ሲነጋገሩ ሦስት ነገር ይለዩ፦ ሒሳቡ ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? ካፒቴኑ ዘጌ ላይ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? የአስጎብኚው ገንዘብ ተጨምሮበታል? የገዳማቱ መግቢያ ሁልጊዜ ለብቻው፣ እያንዳንዱ በር ላይ ይከፈላል፤ ዝርዝር ብር ይያዙ። የጀልባውን ሒሳብ ግማሹን ሲነሱ፣ ግማሹን ሲመለሱ መክፈል የተለመደ ነው። ሙሉውን ቀድሞ የከፈለ ሰው «ቶሎ በሉ» እየተባለ ነው የሚጎበኘው።

መነሻው ማለዳ፣ ከ1 ሰዓት ሳያልፍ ይሁን። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ የሚሆነው ለዚህ ነው። የሕይወት ጃኬቱን ቆጥረውና ዘለበቱን ሞክረው ይሳፈሩ፤ ተጣጥፎ ወንበር ሥር የተወሸቀ አይቆጠርም። እንቦጭ በብዛት የሚያስቸግረው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ በዚህ መስመር እምብዛም አያግድም።

ለጉዞው ሙሉ ነጥብ የምንሰጠው በኡራ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ ደግሞ መሐል ያለውን ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ ይከብባል። ሥዕሉ የመቅደሱን ግድግዳ በውጭ በኩል ዙሪያውን ሸፍኖታል፤ በሮቹን ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ይጠብቃሉ። ሥዕሉ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ጠርዙ የሚላቀቀው፣ በእጅ መንካትም አጥብቆ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ፍላሽም አይፈቀድም። ደጎቹ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ ዓይን መሣላቸውን ልብ ካሉ ብዙውን ትዕይንት ያለ አስረጂ መከተል ይችላሉ።

አስጎብኚው ማወቅ አለማወቁን ለመፈተን በላኤ ሰብእን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። «ሰው በላ ነበር፣ ዳነ» ብሎ ካለፈ ገንዘብዎ ባክኗል። የበላቸው 78 ነፍሳት በሚዛኑ አንድ ወገን፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን እንደቆሙ፣ ሚዛኑንም ያዘነበለችው እሷ መሆኗን ማስረዳት አለበት። ቤተ ክርስቲያኑ ኪዳነ ምሕረት የተባለበት ቃል ኪዳን እዚያው ግድግዳ ላይ ነው ያለው። ለንግሥ የካቲት 16 ይሂዱ፤ ሥዕል ለማየት ግን ያን ቀን አይምረጡ።

ነጠላ አይርሱ፤ ወፍራም ካልሲም እንዲሁ። ምንጣፉ ቁንጫ አያጣውም።

ከኡራ ወደ አዝዋ በእግር መሄድ ይቻላል፤ የዘጌ ኑሮ የሚገባውም በዚህ መንገድ ላይ ነው። የዘጌን ገዳም በመሠረቱት በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ምድሩ አይታረስም፣ ቀንድ ከብትም አይረባም፤ ስለዚህ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ያድራል። ደኑ የተረፈልን በዚህ ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር በሚጠበቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ፣ እዚህ ደኑን ጠብቆ ያቆየው ገዳሙ ነበር።

ሐይቁ ላይ እንጨት ጭነው የሚቀዝፉትን የደንገል ታንኳዎች አስጎብኚዎች ለፎቶ ብቻ ያሳያሉ። እነዚህ ግን የሥራ ዕቃ ናቸው። በሜክሲኮ የሶኖራ ጠረፍ የሚኖሩት ሴሪ የሚባሉ ነባር ሕዝቦችም ሦስት የሸምበቆ እስር አጣምረው ወደ ቲቡሮን ደሴት ይሻገሩበት ነበር፤ የእነሱ ግን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከሥራ ወጥቷል። የጣናው ታንኳ ውኃ ስለሚመጥ ከተሠራበት በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ መድረቅ አለበት። መንገድ ላይ የሚሸጠውን ትንሿን ታንኳ ከገዙም ደንገሉ ደርቆ የታሰረ መሆኑን ያረጋግጡ፤ እርጥቡ ቤት ሲደርስ ይኮማተርና እስሩ ይላላል።

ቡናውን ከየቤቱ ደጃፍ መግዛት ይሻላል። ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) በእጅ ሲያናውጡት ፍሬው ውስጡ መንኳኳት አለበት፤ ዝም ካለ አልደረቀም፣ ከረጢት ውስጥም ይሻግታል። የተፈለፈለ ከሆነ ያሽትቱት፤ የአፈር ሽታ ካለው ይለፉት።