አንድ መጽሐፍ በሦስት መጠን፦ ያዘዝኳቸው ናሙና ቅጂዎች

የአጫጭር ልቦለዶቼን መድበል ራሴ ላሳትም ስነሳ የገጹ መጠን ብዙም አላሳሰበኝም ነበር። ዝርዝሩ ላይ 6 በ9 ኢንች አየሁ፣ መረጥኩት፣ አለፍኩ። ናሙናው እጄ ሲገባ ግን ደነገጥኩ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሥራ 118 ገጽ ሆኖ፣ ሰፊና ስስ፣ የሥልጠና ማኑዋል መስሎ መጣ።

ደግነቱ ገና ለሽያጭ አልለቀቅኩትም። ደራሲ ራሱ መጽሐፉን በሚያሳትምበት የአማዞን አገልግሎት፣ ኬዲፒ ላይ ለምሳሌ፣ መጽሐፉ አንዴ ከወጣ መጠኑን መቀየር አይቻልም። በአዲስ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) እንደ አዲስ መጀመር ነው። ስለዚህ ያንኑ ጽሑፍ በ5 በ8 እና በ5.5 በ8.5 አዘጋጅቼ ሁለት ናሙና ጨመርኩ።

5 በ8ቱ ሲያዩት ያምራል። 172 ገጽ ስለሆነ ወፈር ብሏል፣ እጅ ላይም ልክ ይመጣል። ችግሩ ሲከፈት ነው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚል አንድ ቃል ብቻውን የመስመሩን ሲሶ ይይዛል። ጽሑፉ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ሲደረግ፣ እንዲህ ያለው ቃል አልገባ ይልና ወደ ታች ይወርዳል። የቀሩት ሦስት አራት ቃላት ተበታትነው መሃላቸው ባዶ ሜዳ ይሆናል። ፎንቱን ባሳንስ ይስተካከል ነበር፤ ግን የግዕዝ ፊደል ሲያንስ እነ «ሐ» እና «ሕ»፣ እነ «ጸ» እና «ጾ» ዓይን ያደክማሉ። ያንን አላደርግም።

ደግሞ ገጽ ሲበዛ በመስፊያው በኩል ያለው ህዳግ መስፋት አለበት። በኬዲፒ መመሪያ እስከ 150 ገጽ 9.6 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከ151 እስከ 300 ግን 12.7 ነው። እኔ 172 ላይ ስለነበርኩ ጠባቡ ገጽ ጭራሽ ጠበበ። ማተሚያ ዋጋውም በገጽ ብዛት ስለሚሰላ ትንሹ መጽሐፍ ውዱ ሆኖ አረፈው።

5.5 በ8.5 ላይ 142 ገጽ ወጣኝ። ፎንቱ 11 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ) ነው፣ ከመስመር እስከ መስመር 15 ነጥብ ሰጠሁት። ፊደሎቻችን ከላይ እስከ ታች ስለሚሞሉ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገጹ ይጠቁራል፤ መተንፈሻ ይፈልጋል። እዚህ መጠን ላይ ሁለቱንም አገኘሁ፦ ቃላቱ አልተበታተኑም፣ ገጹም አልተጨናነቀም።

ስለ መጠን ምንም ሳልናገር ሦስቱንም ለአባዬ ሰጠኋቸው። ጋደም ብለው ነው የሚያነቡት። ትልቁ በአንድ እጅ ሲይዙት እየታጠፈ አስቸገራቸው። ትንሹን በሁለት አውራ ጣት ፈልቅቀው ካልያዙት ይዘጋባቸዋል። መካከለኛውን ይዘው ሁለት ታሪክ ጨረሱ። እኔ ለመወሰን ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም።

6 በ9ን ግን መጥፎ አልለውም። የታሪክ መጽሐፍ፣ የግርጌ ማስታወሻና ሠንጠረዥ ያለው ነገር ቢኖረኝ እሱን እመርጣለሁ። 400 ገጽ የሚያልፍን ድርሰትም ቀነስ ያደርገዋል። ለአጭር መድበል ግን በዛ።

አሁን የቀረኝ ሽፋኑ ነው። ለሁለቱ ተጨማሪ ናሙናዎች ርዕስ ብቻ ያለበት ጊዜያዊ ሽፋን ነበር የተጠቀምኩት። ኬዲፒ ለክሬም ወረቀት በገጽ 0.0025 ኢንች ውፍረት ያስላል። በዚያ ሂሳብ መደርደሪያ ላይ ርዕሱ የሚታይበት ጠርዝ ለ118 ገጽ 7.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ለ142 ወደ 9 ይደርሳል። የድሮው ሽፋን ቢለጠፍበት ርዕሱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ፋይሉን ከአዲሱ ልኬት ጋር ለዲዛይነሯ መልሼ ልኬላታለሁ።