ስምንት ወር ከዜድኤክስ ዜሮ ጋር፦ 231 ፊደል በ48 ኪሎባይት

አጎቴ ከለንደን ያመጣልኝ ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለ የድሮ የቤት ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ የወጣው ባለ 48 ኪሎባይቱ ነው። ለእህቴ ልጅ የፊደል ገበታ ጨዋታ እየሠራሁበት ነው። ፕሮግራም የሚጫነው በካሴት ድምፅ ነው፤ እኔ በቴፑ ፈንታ ስልኬን እሰካለሁ። የአንድ ስክሪን ምስል 6,912 ባይት ነው፤ እሱ ብቻውን 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ደሴ ላይ ደግሞ፣ ክረምት ጦሳ ጉም ለብሶ ዝናቡ ሲወርድ፣ መብራት ለአፍታ ብልጭ ካለ የተጫነው ሁሉ ጠፍቶ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። መጭመቂያ፣ ማለትም ፋይል የሚያሳንስ ፕሮግራም ያስፈለገኝ ለዚህ ነው፤ የመረጥኩትም ዜድኤክስ ዜሮን ነው።

ዜድኤክስ ዜሮን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ኤይናር ሳውካስ ነው። መጭመቁ ፒሲ ላይ ያልቃል፤ የተጨመቀውን ወደነበረበት የሚመልሰው፣ ስፔክትረሙ ላይ የሚቀመጠው መፍቻ 70 ባይት እንኳን አይሞላም።

ልቤን የገዛው በፊደላችን ላይ የሠራው ሥራ ነው። አንዱ ፊደል 16 በ16 ነጥብ፣ 32 ባይት ነው፤ 231ዱ 7,392 ባይት ይሆናሉ። መጀመሪያ ጨዋታው በሚጠራቸው ቅደም ተከተል ቀላቅዬ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያልኩ በቤተሰብ ስደረድራቸው ግን ፋይሉ ዓይኔ እያየ አነሰ። ዜድኤክስ ዜሮ የሚደጋገመውን እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ቀድሞ ካለፈው ሲቀዳ ምን ያህል ወደኋላ እንደሄደ ያስታውሳል፤ ቀጣዩም ከዚያው ርቀት ከሆነ ርቀቱን ደግሞ አይጽፍም። የ«ሉ» አካል ከ«ለ» 32 ባይት ላይ ነው፣ የ«ሊ»ም ከ«ሉ» እንደዚሁ። ቅጥያቸው በቀኝ ስለሆነ የግራውን 16 ባይት አስቀድሜ ሳስቀምጥ ደግሞ በአንዴ የሚቀዳው ረዘመ።

አንድ ቀን ቦታ ለመቆጠብ ብዬ የተጨመቀውን በሚፈታበት ቦታ ላይ ደረብኩት። እስከ «ፀ» ድረስ ጥርት ብሎ መጣ፤ «ፈ» እና «ፐ» ግን፣ የሚፈታው ገና ያልተነበበውን ስለደመሰሰው፣ ነጠብጣብ ሆነው ቀሩ። መሣሪያው ጨምቆ ሲጨርስ «ዴልታ» ብሎ የሚያሳየው ቁጥር ለካ ለዚህ ኖሯል፦ የተጨመቀው ጫፍ ከሚፈታው ጫፍ ቢያንስ በዚያ ልክ ማለፍ አለበት። እባካችሁ እሱን ቁጥር አትዝለሉት።

ቅር የሚለኝ ትልቅ ፋይል ሲጨምቅ መዘግየቱ ነው። ለሙከራ ፈጣኑን አማራጭ እጠቀማለሁ፤ ሙሉውን ጨመቃ ማታ ላይ ለመጨረሻው ቅጂ ብቻ አስኬደዋለሁ። በጨዋታው መሃል ቶሎ መፈታት ላለበት ምስል ደግሞ ኢማኑኤል ማርቲ የሠራውን ኤልዜድኤስኤ 1 የተባለ ሌላ መጭመቂያ መርጫለሁ፤ ፋይሉ ሰፋ ይላል፣ አፈታቱ ግን ይፈጥናል።