«በኋላ»ን «በኃላ» ያደረገብኝ ፎንት፤ ከ8 ወር በኋላ

ነጻ ፎንት ሞልቶ ሳለ ገንዘብህን ለምን ታወጣለህ ያሉኝ ነበሩ። ቅርጹን ወደድኩትና ገዛሁት። 8 ወር ሆነኝ። ረጅም ጽሑፍ ሲነበብበት ዓይን አያደክምም፣ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ጉዱ ያለው ቦልዱ (ወፍራሙ ቅርጽ) ላይ ነው። አንድ ቡክሌት አዘጋጅቼ በተንሁ። ወዳጄ ደወለና «አንተ ሰው፣ ‹በኋላ› መጻፍ አቃተህ እንዴ?» አለኝ። ስከፍተው እውነትም ርዕሱ ላይ «በኃላ» ይላል። በዚህች ፊደል ሰው ስተች የኖርኩት እኔ! አጥፍቼ ደግሜ ጻፍኩ፣ ያው «በኃላ»። ቦልዱን ሳነሳው «በኋላ»፣ ስመልሰው «በኃላ»። ቃሉን ገልብጬ ሌላ ፎንት ላይ ስለጥፈው በቦልድም ትክክል ሆኖ መጣ። ለካ የጻፍኩት ፊደል ትክክል ነው፣ የተሳሳተው ሥዕሉ ነው። ሁለቱ ፊደላት እኮ ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ መለያ ቁጥር የሚሰጡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው።

ሻጮቹ «ሙሉ የግዕዝ ፊደል» ብለው ነበር። አዎ ሙሉ ነው፣ ባዶ ቦታ የለውም! ባዶ ቢሆን እኮ ይሻል ነበር። ወይ ሳጥን አሳይቶኝ እነቃለሁ፣ ወይ ፕሮግራሙ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ይሞላልኛል። ሌላ ፊደል ቁጭ ሲልበት ግን ማን ይጠረጥራል? ጥፋቱ የጸሐፊው ነው የሚመስለው።

ለፎንት ሠሪዎቹ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መልስ «ኪቦርድዎን ያረጋግጡ» የሚል ነበር። ደሜ ፈላ። በንዴት የጻፍኩትን ግን ሳልልክ አጠፋሁትና ሁለቱን ፊደላት በቀጭኑም በቦልዱም ጎን ለጎን አድርጌ ስክሪንሾት አነሳሁ፣ የፎንቱን ቨርዥን ጻፍኩ፣ በሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች መሞከሬንም ነገርኳቸው። ኪቦርድ ቀጭኑን አስተካክሎ ቦልዱን የሚያበላሸው እንዴት ሆኖ ነው ብዬም ጠየቅኩ (ይቺን መተው አልቻልኩም)። በነጋታው ፊደሉን የሣለው ሰው ራሱ መለሰልኝ። ኋን ለመሣል ኃን ቀድቶ፣ ከእግሯ ሥር የምትገባዋን ጭረት ሳይጨምር ረስቶታል። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ በ11 ቀን የታረመውን ላከልኝ። ራሴ እንዳላርመው ደግሞ የፎንቱ የአጠቃቀም ፈቃድ ይከለክላል፣ የከፈልኩበትን ማለት ነው!

የታረመውን ስጭን አሮጌው አልለቅም አለ። አጥፍቼ ኮምፒውተሩን ዳግም ካስነሳሁ በኋላ ነው የተስተካከለው። የበተንኩት ፒዲኤፍ ግን ያው ነው፣ የድሮውን ሥዕል በሆዱ ይዞ ነው የሄደው።

ድጋሚ እገዛው ነበር ወይ? ሰውየው የመለሰልኝ ቀን ብትጠይቁኝ አዎ። ያ ቡክሌት በሰው እጅ ባየሁ ቁጥር ግን ይጸጽተኛል። ከዚያ ወዲህ ቦልዱን ፊደል በፊደል እያየሁት ነው፤ ሏ ደህና፣ ቷ ደህና፣ ጧም ደህና። ጯ ላይ ግን ቆሜያለሁ፣ ጭረቷ ትንሽ ያጠረች መሰለኝ። ኢሜይሉን ከፍቻለሁ።