ለልጅ የእጅ ጌም ለገና፦ ስዊች ላይት ወይስ ትልቁ ስዊች? (ያ 400 ጌም አለው የሚባለውስ?)

ገና በደረሰ ቁጥር ቴሌግራሜ ላይ ሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፣ "ልጄ 6 አመቱ ነው፣ ላይቱን ልግዛለት ወይስ ትልቁን? ወይስ ያ ርካሹ ባለ 400 ጌም ይበቃዋል?" ለአንድ ለአንዱ ቮይስ መላክ ሰለቸኝ ስለዚ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ለማያውቅ፣ ስዊች የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ የሚሰራው የእጅ ጌም ነው፣ ላይቱ ደሞ የሱ ትንሹ ነው።

መልሱን ከላይ ላስቀምጠው፣ ያልቸኮለ ዝርዝሩን ያንብብ። ልጁ ከ5 አመት በታች ከሆነ ምንም አትግዙ። 6 ከሞላው ደሞ በደንብ የተያዘ ዩዝድ ትልቁን ስዊች፣ የመጀመሪያውን ማለቴ ነው፣ ግዙ። ላይቱ ርካሽ ይመስላል እንጂ ርካሽ አይደለም። ባለ 400ውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ስለ ትንንሾቹ ብዙ አልልም። የአለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 አመት በታች ያሉ ልጆች ከስክሪን ጋር ጭራሽ እንዳይቀመጡ፣ ከ2 እስከ 4 ያሉት ደሞ በቀን ከ1 ሰአት እንዳይበልጡ ይመክራል፣ ካነሰም ይሻላል ይላል። እሱን ተዉትና የ3 አመት ልጅ አውራ ጣቱ ራሱ በተኖቹ ጋ አይደርስም፣ ከጌሞቹ ብዙዎቹ ደሞ ማንበብ ይፈልጋሉ፣ መጨረሻ ላይ ሚጫወተው አባትየው ነው። የስዊች ካሴት፣ ጌሙ ያለባት ካርድ ማለት ነው፣ የአውራ ጣት ጥፍር ብትበልጥ ትንሽ ነው፣ ኒንቴንዶ ራሱ ልጆች እንዳይውጧት ብሎ ዴናቶኒየም ቤንዞኤት ሚባል በጣም መራራ ነገር ይቀባታል። (ቅመሷት፣ አትገድልም ግን አትረሷትም።)

አሁን ወደ ዋጋው። ትልቁ ስዊች ማርች 2017 ሲወጣ 299.99 ዶላር ነበር፣ ላይቱ ሴፕቴምበር 2019 በ199.99 መጣ። ሰው ይቺን የ100 ዶላር ልዩነት ያይና ሒሳቡን እዛው ያቆማል። እኔ ደሞ ልቀጥልበት። ሁለት ልጅ አለ እንበል። ትልቁ ስዊች ጎንና ጎኑ ያሉት መጫወቻ እጀታዎች፣ ጆይኮን የሚባሉት፣ ይነቀሉና አንዷን አንዱ ልጅ ሌላዋን ሌላው ይዞ በአንድ ስክሪን ይጫወታሉ፣ ማሪዮ ካርት 8ን (የመኪና ውድድር ጌም ነው) በአንድ ካሴት ለሁለት ማለት ነው። 300 ለኮንሶሉ (ለራሱ ለማሽኑ) 60 ለካሴቱ፣ 360። ላይት ላይ ጆይኮኑ አይነቀልም፣ ሁለተኛው ልጅ እንዲጫወት ለብቻው ተጨማሪ ጆይኮን ትገዛላችሁ፣ እሱም ሆኖ ሁለቱም ባለ 5.5 ኢንች ስክሪን ላይ ተደፍተው ነው፣ ስለዚ ሁለት ላይት ይገዛል፣ 400፣ ካሴቱም ሁለት ይሆናል፣ 520። የ160 ዶላር ልዩነት! ከሆነ ጊዜ በኋላ ትልቁ ላይ በ80 ዶላር አዲስ ጥንድ ጆይኮን ብትገዙለት እንኳን 440 ነው፣ አሁንም ከላይቱ ይረክሳል። አሜሪካ ውስጥ ኦገስት 2025 ላይ ዋጋ ጨምረው ላይቱ 229.99 ትልቁ 339.99 ሆኗል፣ በአዲሱም ብትደምሩት ልዩነቱ ሰፋ እንጂ አልጠበበም።

"እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ" ለሚል ደሞ ጥገናው ይመጣል። ጆይስቲኩ፣ በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ፣ እያደር ማንም ሳይነካው ራሱ መሄድ ይጀምራል፣ ድሪፍት ይሉታል፣ ገጸ ባህሪው ቆሞ ሳለ ወደ ግራ ይሄዳል ወይ ሜኑው ብቻውን ይወርዳል። የታወቀ ችግር ነው፣ ጁን 2020 ላይ የኒንቴንዶ ፕሬዝዳንት ፉሩካዋ ራሳቸው በጆይኮን ምክንያት ለተቸገሩ ሰዎች ይቅርታ ጠይቀዋል። ትልቁ ላይ ከሆነ የተበላሸችውን ጎን ትነቅላላችሁ፣ ሌላ ትሰካላችሁ፣ ልጁ ጨዋታው ላይ ነው። ላይት ላይ ግን ጆይስቲኩ የኮንሶሉ አካል ስለሆነ ሙሉ እቃው መከፈት አለበት፣ ብሎኖቹ ዋይ ቅርጽ ያላቸው ናቸው፣ ልኩን ካልያዛችሁ ጭንቅላታቸው ይበላል፣ ከኋላ ሽፋኑ ቀጥሎ የብረት ሳህን አለ፣ ከዛ ባትሪውን መንቀል ነው፣ ከዛ ጆይስቲኩን ከቦርዱ ጋር ሚያገናኘው ስስ ሪባን ጋ ትደርሳላችሁ፣ የሪባኑ መቆለፊያ በጥፍር ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ነው ሚነሳው፣ በጉልበት የጎተተው ሰው ከቦርዱ ላይ ገንጥሎት ይመጣል። ለ15 ዶላር እቃ 200 ዶላር ኮንሶል ሲሞት አይቻለሁ፣ እሱም ተሰርቶ እስኪመጣ ልጅ ያለ ጌም ነው፣ ልቅሶውን ለናንተ ትቻለሁ።

ሌላው ላይቱ ቲቪ ላይ አይሰካም። ይሄን ሰዎች ቀላል ነገር ያስመስሉታል፣ ለኔ ግን ከዋጋው ቀጥሎ ያለ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሳሎን ቲቪ ላይ ሚጫወት ልጅ ምን እንደሚጫወት ስንት ሰአት እንደቆየ ሁሉም ያያል፣ ላይት የያዘ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው ሚገኘው። ላይቱ 275 ግራም ሆኖ ትልቁ 400 ገደማ መሆኑ እውነት ነው፣ መኪና ውስጥ ብዙ ለሚሄድ አንድ ልጅ ይመቻል፣ እሺ። ከዚያ ውጪ አልመክርም።

አዲሱ ስዊች 2ስ? ጁን 2025 በ449.99 ወጣ፣ ክብደቱ ከጆይኮኑ ጋር 534 ግራም ነው፣ ለ6 አመት ልጅ ክንድ ብዙ ነው። የድሮ ሜሞሪ ካርዳችሁ ለጌም አይሰራበትም፣ ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን አዲሱን የካርድ አይነት ብቻ ነው ሚቀበለው። አንዳንዱ ካሴት ደሞ ውስጡ ጌሙ የለም፣ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ጌሙን ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ። ልጁ ሲያድግ።

ስለ 2ዲኤስም፣ የኒንቴንዶ የድሮ የእጅ ጌም፣ ይጠይቁኛል። በ2013 በ129.99 የወጣው ያ ጠፍጣፋው፣ ማጠፊያ የሌለው፣ ከእጅ ቢወድቅ ሚሰበር አንገት የለውም። እንደ እቃ እወደዋለሁ፣ ለልጅ ታስቦ የተሰራ ነው። ግን ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ስቶሩ ማርች 2023 ተዘግቷል፣ ስለዚ ጌም ሚገኘው በዩዝድ ካሴት ብቻ ነው፣ ዩዝድ ካሴት ገበያ ላይ ደሞ ፎርጅድ ሞልቷል። በተለይ ፖኬሞን። የኦርጅናሉን የፖኬሞን ብላክና ዋይት ካሴት መብራት ላይ ብትይዙት ፕላስቲኩ ወደ ቀይ የሚያደላ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፣ ውስጡ ኢንፍራሬድ (በአይን በማይታይ ብርሃን መረጃ የሚልክ ነገር) ስላለ ነው፣ ግራጫ ወይ ድፍን ጥቁር ከሆነ ተዉት። ፎርጅዱ ይጫወታል፣ ይጫወታል፣ አንድ ቀን ልጁ ሲከፍተው ሴቭ ያደረገው ሁሉ የለም።

ባለ 400 ጌሙ ጋ ደረስን። ጓደኛዬ ለልጁ ገዝቶ ወር ሳይሞላው "ክዳኑ አልገጥም አለኝ" ብሎ አመጣልኝ። ከፈትኩት፣ ባትሪው አብጦ ክዳኑን ወደ ውጪ እየገፋው ነው፣ በድሮ ስልኮች ላይ የምናውቃት ያቺ ጠፍጣፋ ባትሪ ነች፣ ላዩ ላይ ስም እንኳን በትክክል አልተጻፈም። ቦርዱ ላይ ቺፕ አይታይም፣ ጥቁር የሙጫ ጠብታ ነው ያለው፣ ቺፑ ሙጫው ስር ነው፣ ከተበላሸ ማንም አይሰራውም። 400 የተባለውን ጌም ወደ ታች እያወረድኩ ሳየው ያው መኪና ቀለሙን እየቀየረ በሌላ ስም ይመለሳል። ጌሞቹም በ1980ዎቹ የተሰሩ፣ ያለ ፈቃድ የተኮረጁ ናቸው። ያበጠ ባትሪ ያለው ነገር ትራስ ስር የሚያስቀምጥ ልጅ እጅ ላይ አይሰጥም፣ ይሄ ላይ አልከራከርም።

ዩዝድ ስዊች ስትገዙ መጀመሪያ ብሎኖቹን እዩ፣ ጭንቅላታቸው ከተበላ አንዱ ገብቶበታል። ከዛ ሴቲንግ ውስጥ የጆይስቲክ ካሊብሬሽን የሚል አለ፣ ክፈቱት፣ ጆይስቲኩን አዙሩና ልቀቁት፣ ነጥቧ መሃል ካልተመለሰች ድሪፍት ጀምሯል፣ ትልቁ ስዊች ከሆነ ግን አትፍሩ፣ የጆይኮኑን ዋጋ አስቀንሱና ግዙ። ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ ስቶሩን ክፈቱ፣ ኒንቴንዶ ያገደው ኮንሶል ኦንላይን አይገባም፣ ሻጩ ደሞ "ዋይፋዩ ነው" ይላችኋል። ሜሞሪ ካርዱ "512 ጊጋ" ካለና ዋጋው ካስደሰታችሁ ፎርጅድ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ እስከ አፉ ሞልታችሁ ፋይሎቹ መልሰው እንደሚከፈቱ እዩ።

ጌም ስትገዙ ካሴቱን ግዙ፣ ዳውንሎድ አታድርጉ። ካሴት ይዋሳል፣ ይለወጣል፣ ልጁ ሲሰለቸው ይሸጣል፣ ያወረዳችሁት አካውንቱ ላይ ይቀራል።

ከመጠቅለላችሁ በፊት ግን አውጥታችሁ ቻርጅ አድርጉት፣ አፕዴቱን ጨርሱ፣ የገና ጠዋት ልጅ አጠገባችሁ ቆሞ ዳውንሎድ መጠበቅ አትፈልጉም። የወላጅ መቆጣጠሪያ አፑን ስልካችሁ ላይ ጫኑና ሰአቱን ወስኑ። ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ሰአቱ ሲያልቅ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው ሚያሳየው፣ ልጅ ደሞ ማስጠንቀቂያ አይሰማም፣ ጌሙን ራሱ እንዲያቆመው የሚያደርገውን ማብሪያ ለብቻው ማብራት አለባችሁ። ፒኑን የልደት ቀኑን እንዳታደርጉት፣ መጀመሪያ ሚሞክረው እሱን ነው።